ማዳመጥም ሕክምና ነው

በዚህች ወርኃዊ ጽሑፍ ስለ መጠጥ ውሃ ንጽሕና፥ ስለ ወባ ትንኝ መራቢያ፥ ስለ እጅ አስተጣጠብና ስለ ምግብ አያያዝ አዘውትሮ ይጻፋል። እነዚህ ሁሉ በዓይን የሚታዩ፥ በእጅም የሚዳሰሱ ጉዳዮች ናቸው። ዛሬ ግን በዓይን ስለማይታይ፥ ነገር ግን የሰውን ጤንነት ሊጠብቅም ሊያናጋም ስለሚችል አንድ ጉዳይ ለአንባቢያን ለማስረዳት እንወዳለን። ይኸውም ነርስና ሕመምተኛ፥ ሁለቱ ብቻ፥ በተወሰነ ቀንና ሰዓት ተቀምጠው በሚነጋገሩበት ጊዜ የሚገኘው ፈውስ ነው።

ከአንባቢያን መካከል «ወሬ ከመቼ ወዲህ ነው መድኃኒት የሆነው?» የሚል አይታጣም። እኔም ትምህርቴን በባሕር ማዶ ፈጽሜ በተመለስሁበት ሰሞን ከዚህ የራቀ አሳብ አልነበረኝም። ስለ ጉዳዩ በትምህርት ቤት ሰምቼአለሁ፤ ፈተናውንም አልፌአለሁ። ነገር ግን ሰምቶ ማለፍና ተረድቶ መሥራት የተለያዩ ናቸው። በእውነት ያስተማሩኝ አንዲት እናትና አንዲት ነርስ ናቸው። የእናቲቱን ታሪክ በፈቃዳቸው አቀርባለሁ፤ ማንነታቸው እንዳይታወቅ ግን ዕድሜያቸውን፥ ሰፈራቸውንና ሌላውንም ምልክት ለውጬዋለሁ።

«ምንም የለብዎትም»

እኒህ እናት እኔ እሠራበት ወደነበረው ጤና ጣቢያ የመጡት ሆዳቸውን እንደሚያቃጥላቸውና እንቅልፍ እምቢ እንዳላቸው በመግለጽ ነበር። በካርዳቸው ላይ እንደተጻፈው ከዚያ በፊት 5 ጊዜ መጥተው 5 ጊዜም የጨጓራ መድኃኒት ተሰጥቷቸዋል። ሆዳቸውን ዳሰስሁ፤ ደማቸውና ሰገራቸው እንዲመረመር አዘዝሁ። ውጤቱ ሁሉ ደኅና ሆነ። ከደጅ የቆመው ተራ ጠባቂ ብዙ ስለነበረ በችኮላ፥ «እማማ፥ ምንም የለብዎትም፤ አይዞዎት፥ አይጨነቁ» አልኋቸው። እሳቸውም ነጠላቸውን እያስተካከሉ፥ «ምንም ከሌለብኝማ ደግ፥ ልጄ» ብለው ወጡ። ከዚያ በኋላ ለ4 ወራት አልተመለሱም።

ያን ቀን መልካም ዜና የነገርኋቸው መስሎኝ ነበር። «ምንም የለብዎትም» ማለት በሕመምተኛው ጆሮ «የነገሩኝን አላመንሁም» ተብሎ እንደሚሰማ አልተገለጸልኝም ነበር።

የሐምሌ ወር ገብቶ በደንገጎ ተራራ በኩል ደመና መቋጠር ሲጀምር እናቲቱ ተመልሰው መጡ። በዚያ ጠዋት ሕመምተኞችን ተቀብላ የምትመዘግበው ነርስ ካርዳቸውን ተመልክታ እኔ ያልጠየቅሁትን ጠየቀቻቸው፤ «እማማ፥ ይህ ሕመም የጀመረዎት መቼ ነው?» እሳቸውም ቀና ሳይሉ፥ «ውሃው ከወሰደብኝ ወዲህ» ሲሉ መለሱላት።

የድሬ ዳዋ ሰው ይህን ቃል ሲሰማ ማብራሪያ አያሻውም። ለሩቅ አንባቢ ግን እንግለጽ። ከተማችንን መካከል ለመካከል የሚያቋርጠው ደቻቱ በአብዛኛው የዓመቱ ክፍል ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፥ ገበያም ይቆምበታል። ለሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ ግን በደጋው የዘነበው ዝናብ በሌሊት ወርዶ ሰው በተኛበት ደረሰ። ከ250 ሰዎች በላይ ሕይወታቸውን አጡ፤ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችም ቤት ንብረታቸውን ትተው ተፈናቀሉ። መንገዱ ተጠግኗል፥ ግድግዳውም ታንጿል። በሰው ሆድ ውስጥ የቀረው ግን መሐንዲስ የሚያየው አይደለም። ከእኒህ እናት ላይ ውሃው የወሰደው አንዲት ሴት ልጃቸውን ነበር።

ይህ ሙያ ከየት መጣ?

ሕመምተኛን በንግግር የማከም ጥበብ በዘመናዊ ሕክምና ውስጥ መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. ከ1880 እስከ 1882 ድረስ የቪየናው ሐኪም ዮሴፍ ብሮየር አንዲት ወጣት ሴት ባከመበት ጊዜ ነው ይባላል። «የንግግር ሕክምና» የሚለውን ስም ያወጣችለትም ሐኪሙ ሳይሆን ሕመምተኛዋ ራሷ ናት። ከእርሱ በኋላ ሲግመንድ ፍሮይድ ጥበቡን አስፋፋው። ለብዙ ዘመን ግን ይህ ሥራ የሐኪም ብቻ ተደርጎ ይቈጠር ነበር፤ ነርስ ሙቀት ትለካለች፥ አልጋ ታነጥፋለች፥ መድኃኒት ታድላለች እንጂ ንግግሯ እንደ ሕክምና አይታሰብም ነበር።

ይህን አስተያየት የለወጠችው አሜሪካዊቷ ነርስ ሂልደጋርድ ፔፕላው (1909–1999 እ.ኤ.አ.) ናት። በነርስነት ሥራ ውስጥ ስላለው የሰው ለሰው ግንኙነት የጻፈችው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1948 ተጽፎ ቢያልቅም፥ በዚያ ዘመን ነርስ ያለ ሐኪም ተባባሪነት ብቻዋን መጽሐፍ ማሳተሟ ስላልተለመደ እስከ 1952 ድረስ ዘግይቷል። የትምህርቷ ፍሬ ነገር አጭር ነው። ነርስ ለሕመምተኛው የምትሰጠው መድኃኒት በእጇ የያዘችው ብቻ አይደለም፤ ከእርሱ ጋር የምትመሠርተው ግንኙነት ራሱ መድኃኒት ነው። መድኃኒት እንደመሆኑም መጠን ልክ አለው፥ ሰዓት አለው፥ መጀመሪያና መጨረሻም አለው።

ፔፕላው ይህን ግንኙነት በ4 ደረጃ ከፍላዋለች። መጀመሪያ ሁለቱ እንግዳ ለእንግዳ ሆነው ይተዋወቃሉ። ቀጥሎ ሕመምተኛው ነርሷ ልትረዳው እንደምትችል ለይቶ ይጠጋታል። በሦስተኛው ደረጃ በተሰጠው ርዳታ በሚገባ ይጠቀማል። በመጨረሻም በራሱ ቆሞ ይሰናበታል። ነርሷም እንደ ጊዜው እንግዳ፥ የዕውቀት ምንጭ፥ አስተማሪ፥ መሪ፥ የሌላ ሰው ምትክና አማካሪ ትሆናለች። ከእነዚህ ሁሉ ሚዛን የሚፈልገው «የሌላ ሰው ምትክ» መሆን እንደሆነ ከዚህ በታች እናያለን።

8 ማክሰኞዎች

ወደ እናቲቱ ታሪክ እንመለስ። ነርሷ የአእምሮ ጤና ሥልጠና የወሰደች ስለነበረች ጉዳዩን እንድትይዘው ተስማማን። ማክሰኞ ማክሰኞ የክትባት ሥራ ስለማይኖር የክትባቱ ክፍል ባዶ ነበር። የድሬ ዳዋ የቀትር ሙቀት ሰውን ስለሚያደክም ጠዋት 3 ሰዓት ተመረጠ። ሁለት እኩል ቁመት ያላቸው ወንበሮች ተቀመጡ፤ ጠረጴዛው ከመካከላቸው ወጥቶ ወደ ግድግዳ ተጠጋ፤ በሩም ተዘጋ። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ትንሽ ነገር ስላልሆነ ነው። ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሰው ዳኛ ይመስላል፤ በተከፈተ በር አጠገብም የሆዱን የሚናገር የለም።

በመጀመሪያው ቀን ነርሷ ስሟን ነገረቻቸው፤ ምን ብላ እንድትጠራቸው እንደሚወዱም ጠየቀች። ቀጥላም ስምምነቱን ገለጸችላቸው። በየማክሰኞው በ3 ሰዓት ለግማሽ ሰዓት፥ በጠቅላላው 8 ጊዜ ይገናኛሉ። የሚናገሩት ነገር ከክፍሉ አይወጣም፤ ሥራውን የምከታተለው እኔ ብቻ አውቀዋለሁ። የእሳቸው ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ የሚወድቅ ሲሆን ግን ለርዳታ ሲባል ሌላ ሰው ሊያውቅ እንደሚገባ አስቀድማ ነገረቻቸው። ምስጢር የሚጠበቅበትን ወሰን ከኋላ ሳይሆን ከፊት መንገር ታማኝነት ነው።

እናቲቱ በዚያ ቀን ግማሹን ሰዓት ሙሉ የተናገሩት ስለ ከሰልና ስለ ሽንኩርት ዋጋ ነበር። በሁለተኛው ማክሰኞም ያው ሆነ። እኔም ነርሷን፥ «ጊዜሽን በከንቱ አጠፋሽ» አልኋት። እርሷ ግን፥ «አይደለም፤ እንደምሰማቸው እየፈተኑኝ ነው» አለችኝ። ትክክል ነበረች። ሰው ከባድ ዕቃውን ከማስቀመጡ በፊት ወለሉ እንደሚችለው በእግሩ ይሞክራል።

በሦስተኛው ማክሰኞ አንዲት ወላድ በድንገት ስለመጣች ነርሷ በሰዓቷ መግባት አልቻለችም። ሆኖም ሰው አልላከችም፤ ራሷ ለአንድ አፍታ ብቅ ብላ፥ «እማማ፥ አንዲት ወላድ ይዛኛለች፤ በ3 ሰዓት ከሩብ እመጣለሁ» አለቻቸው። በ3 ሰዓት ከሩብም መጣች። እናቲቱ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩ። ነርሷም ዝምታውን አልሰበረችም። ከዚያ በኋላ፥ «ያለሽው ሰዓት ላይ መጣሽ» አሉና ታሪኩን ጀመሩ።

በዚያ ሌሊት ልጃቸው ከቤት አልነበረችም። እናቲቱ ራሳቸው ከአክስቷ ዘንድ እንድታድር ልከዋት ነበር፤ የአክስትየዋ ቤት ከደቻቱ ዳር ነው። «እኔ ነኝ የላክኋት» አሉ። ይህን ቃል በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ለባላቸውም፥ ለእኅታቸውም፥ ለማንም ተናግረው አያውቁም። ለካስ የሚያቃጥላቸው ይህ ነበር።

ስለ ባዶ ማጽናናት

እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ ራሱን ይጠይቅ፤ በነርሷ ቦታ ብሆን ኖሮ ምን እል ነበር? ብዙዎቻችን፥ «ኧረ በፍጹም የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ እግዜር ያመጣው ነው፤ ይርሱት» እንላለን። አሳባችን ቅን ነው። ነገር ግን ይህን ስንል ተናጋሪውን ዝም ማሰኘታችን ነው፤ የከፈተውን በር ፈጥነን እንዘጋበታለን። ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመችው የአስታማሚነት መጽሐፏ ውስጥ ሕመምተኛን በከንቱ ተስፋና በምክር ጋጋታ የሚያደክሙትን ጠያቂዎች የምትነቅፍበት አንድ ምዕራፍ ለይታ ጽፋለች። ስለዚህ ነገሩ የዛሬ ትምህርት አይደለም።

ነርሷ ያለችው ይህን ብቻ ነው፤ «ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ይህን ብቻዎን ተሸክመው ኖሩ።» እናቲቱ በዚያ ቀን አለቀሱ። በአራተኛው ማክሰኞ ነርሷ፥ «በዚያ ምሽት ሲልኳት ምን አስበው ነበር?» ብላ ጠየቀቻቸው። አክስትየዋ ታመው ስለነበር ብቻቸውን እንዳያድሩ ነው አሉ። «ውሃ እንደሚመጣስ የሚያውቅ ሰው ነበር?» «ማን ያውቃል፥ ልጄ! በሰፈሩ የነበረው ሰው ሁሉ ተኝቶ ነበር» አሉ፤ ይህን ካሉም በኋላ የራሳቸውን ቃል እንደ አዲስ የሰሙት ይመስል ዝም አሉ። ነርሷ ከደጅ ያመጣችው ማጽናኛ አልነበረም፤ እናቲቱ ራሳቸው ከውስጣቸው ያወጡት እውነት ነው። ሰው የሚድንበት እውነት ብዙ ጊዜ ራሱ የተናገረው ነው።

የአሜሪካ የሥነ ልቡና ሊቅ የነበረው ካርል ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው ጽሑፍ ከአድማጩ የሚፈለጉትን ጠባዮች ሲገልጽ በተለይ 3 ነገሮችን አጥብቋል። አንደኛ፥ የሌላውን ስሜት በእርሱ ቦታ ሆኖ መረዳት፤ ሁለተኛ፥ ሰውየውን ያለ ቅድመ ግዴታ ማክበር፤ ሦስተኛ፥ በአፍና በልብ አንድ መሆን ናቸው። እነዚህ ሦስቱ በገንዘብ የሚገዙ አይደሉም፤ ያለ ልምምድና ያለ ጥንቃቄ ግን አይገኙም።

ደግሞም የጭንቀትን ደረጃ ማወቅ ያስፈልጋል። ፔፕላው ጭንቀትን ቀላል፥ መካከለኛ፥ ከባድና የድንጋጤ ብላ በ4 መድባዋለች። በቀላሉ ጭንቀት ሰው ይማራል፥ ያስተውላል። ጭንቀቱ ወደ ላይ በወጣ መጠን ግን ጆሮውም አእምሮውም ይጠባል። በድንጋጤ ላይ ያለን ሰው መምከር በጎርፍ ላይ እንደ መጻፍ ነው። እንዲህ ላለው ሰው በአጭር ቃልና በዝግታ መናገር፥ ከአጠገቡ አለመለየት፥ ጸጥ ወዳለ ስፍራም መውሰድ ይበቃል።

ነርስ ልጅ አይደለችም

በስድስተኛው ማክሰኞ አንድ አስቸጋሪ ነገር ተፈጠረ። እናቲቱ አንድ ዘንቢል ማንጎ ይዘው መጡ፤ ነርሷንም በሟቿ ልጃቸው ስም ጠሯት። ለበዓል ከቤታቸው እንድትውል፥ እንዲያውም የኪራይ ቤቷን ትታ ከእሳቸው ጋር እንድትኖር ለመኗት። ነርሷ ከክፍሉ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። «እሺ ብል ምን አለበት? ደስ ይላቸዋል» አለችኝ።

እኔም ቸኩዬ ለመመለስ ቃጥቶኝ ነበር፤ ከእርሷ ተምሬ ስለነበረ ግን ዝም ብዬ አዳመጥኋት። ጥቂት ከተናገረች በኋላ ራሷ መልሱን አገኘችው። የእናቲቱ ልጅ ሆና ብትገባ፥ ወደ ሌላ ከተማ በተዛወረች ቀን ውሃው ልጃቸውን ሁለተኛ ጊዜ ይወስድባቸዋል።

ሕመምተኛ ለቀድሞ ዘመዱ የነበረውን ፍቅር ወይም ቍጣ በሐኪሙ ወይም በነርሷ ላይ ማዛወሩን ፍሮይድ አስቀድሞ አስተውሎት ነበር። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ እንዲያውም የተሰወረውን ሐዘን የሚያሳይ መስኮት ነው። ጥፋት የሚሆነው ነርሷ ቦታውን ስትይዘው ወይም ሕመምተኛውን በቍጣ ስትገፋው ነው። በሚቀጥለው ማክሰኞ ነርሷ እንዲህ አለቻቸው፤ «እማማ፥ በልጅዎ ስም ሲጠሩኝ ምን ያህል እንደናፈቋት ገባኝ። የእሷን ቦታ ግን ልይዝ አልችልም፤ እኔ ነርስዎ ነኝ። ስለ እሷ ይንገሩኝ።» ማንጎውንም በእሳቸው ፈቃድ ለወላድ እናቶች እንዳካፈለችው ነገረቻቸው። እናቲቱ ለጥቂት ጊዜ ቅር አላቸው፤ ከዚያ በኋላ ግን ስለ ልጃቸው አሟሟት ሳይሆን ስለ አኗኗሯ መናገር ጀመሩ። ምን እንደምትወድ፥ ምን እንደሚያስቃት፥ በትምህርቷ እንዴት እንደነበረች አጫወቷት።

ስለዚህ ነርስ ከሕመምተኛ ገንዘብ አትቀበልም፤ ብድር አትሰጥም፥ አትበደርም፤ የራሷን ኑሮ ጭንቀት በሕመምተኛው ላይ አታራግፍም። ነርሷም ራሷ የሚያዳምጣት ሰው ያስፈልጋታል። የሰውን ሐዘን ቀን በቀን እየሰማ የሚያራግፍበት የሌለው ሠራተኛ ወይ ይደነዝዛል ወይ ይታመማል። በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት ለነርሶች መመደብ ለሹሞች ትልቅ ወጪ አይደለም።

ይህ ሕክምና ያልሆነው

ነገሩ እንዳይምታታ ወሰኑን እናመልክት። ይህ ንግግር ኑዛዜ አይደለም፤ ነርሷ ኃጢአት አታስተሠርይም። የሽማግሌ ዕርቅም አይደለም፤ ፍርድ አትሰጥም። የነፍስ አባት፥ ሼህ፥ የዕድርና የአፎቻ ሰዎች የየራሳቸው ክቡር ሥራ አላቸው፤ ነርሷ ከእነርሱ ጋር አትፎካከርም።

እንዲሁም ንግግር የመድኃኒት ጠላት አይደለም። የሌለ ድምፅ የሚሰማ፥ ከእውነቱ ዓለም የራቀ ነገር የሚያምን ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው መድኃኒቱን ሊወስድ ይገባል፤ «መነጋገር ጀምሬአለሁ» ብሎ ማቋረጥ አደገኛ ነው። ቀላል በሆነ የመንፈስ መጨነቅ ንግግሩ ብቻውን ሊበቃ ይችላል፤ በከባዱ ግን ሁለቱ ይረዳዳሉ። የሆድም ሆነ የራስ ምታት ሁሉ ከሐዘን ይመጣል ማለትም ስሕተት ነው፤ አስቀድሞ አካል ይመርመር።

አንድ ሰው «ብሞት ይሻለኛል» ሲል የተሰማ እንደሆነ ነርሷ ራሱን ለማጥፋት አስቦ እንደሆነ በግልጽ ልትጠይቀው ይገባል። መጠየቅ አሳቡን ይዘራበታል የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም፤ ብዙዎች የሚጠይቃቸው በማግኘታቸው ይቀልላቸዋል። እንዲህ ያለውን ሰው ብቻውን አለመተው፥ ገመድን፥ የተባይ መድኃኒትንና መሣሪያን ከአጠገቡ ማራቅ፥ በዚያው ቀንም ወደ ሆስፒታል ማድረስ ግዴታ ነው።

በአገራችንና በከተማችን

ለብዙ ዘመን በአገራችን ለአእምሮ ሕመም ብቻ የተለየ ሆስፒታል አዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ብቻ ነበር። የድሬ ዳዋ ቤተ ሰብ የታመመበትን ሰው ይዞ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1987 በዚሁ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን ማሠልጠን ሲጀመር ግን ነርሶቹ በየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታል እየተመደቡ አገልግሎቱን ወደ ሕዝቡ አቀረቡት። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞች ልዩ ሥልጠና የተጀመረው ዘግይቶ፥ እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። እንግዲህ በብዙ ከተሞች የአእምሮ ሕክምናን በር የከፈተችው ነርስ ናት ብንል ማጋነን አይሆንም። በከተማችንም በድል ጮራ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል አለ።

ልዩ ባለሙያ ባልበዛበት አገር ሠልጥኖ የሚያዳምጥ ሰው ምን ሊሠራ እንደሚችል የዚምባቡዌ ምሳሌ ያስረዳል። የአእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 በሐራሬ ከጤና ጣቢያዎች ግቢ የእንጨት አግዳሚ አስቀምጦ ሠፈርተኛ አሮጊቶችን ለዚሁ ሥራ አሠለጠነ። እዚያ ሰው ሕመሙን «ኩፉንጊሲሳ» ይለዋል፤ ትርጕሙ አሳብ ማብዛት ነው። እኛስ «አሳብ ገደለኝ» እንል የለምን? እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት እንዳመለከተው ከ6 ወር በኋላ በአግዳሚው ላይ ከአሮጊቶቹ ጋር የተነጋገሩት ሰዎች ሕመም ካልተነጋገሩት ይልቅ ቀልሎ ተገኝቷል። በዚሁ ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት ልዩ ባለሙያ ያልሆነ ሰው ሠልጥኖ በ5 ግንኙነት የሚሰጠውን ርዳታ የሚያስተምር መመሪያ አውጥቷል፤ በዝግታ መተንፈስን፥ ችግርን ለይቶ መፍታትን፥ የተውትን ሥራ ጥቂት በጥቂት መጀመርንና ከወዳጅ ዘመድ ጋር መገናኘትን ያስተምራል።

በድሬ ዳዋ ስንሠራ 2 ነገሮችን ልናስተውል ይገባል። አንደኛው ቋንቋ ነው። ሰው በገበያ ሦስት ቋንቋ ቢናገርም የሚያለቅሰው በአንዱ ነው። ኦሮምኛ፥ ሶማልኛ ወይም አማርኛ ተናጋሪው ሕመምተኛ ቢቻል በአፍ መፍቻው ይነጋገር፤ አስተርጓሚ ካስፈለገም የሕመምተኛው ልጅ ወይም ጎረቤት አይሁን፤ እናት በልጇ አፍ ምስጢሯን ልታወጣ አትችልምና። ሁለተኛው ጫት ነው። በበርጫ ላይ ምርቃናው ሲይዝ ሰው ብዙ ይናገራል፤ ይህ ግን ሕክምና አይደለም፤ ሲበርድ ድብርቱ፥ ሌሊትም ዱካኩ ይከተላል። ነርሷ ስለ ጫት ስትጠይቅ እንደ ፖሊስ ሳይሆን ስለ እንቅልፍና ስለ ምግብ እንደምትጠይቅ ሆና ትጠይቅ። የተወቀሰ ሰው ይደብቃል፤ የተደበቀ ነገርም አይታከምም።

አንባቢ ከቤቱ ሊያደርገው የሚችል

ነርስ ያልሆነ አንባቢም ከዚህ የሚወስደው አለ። ሐዘንተኛ ሲናገር አታቋርጠው። «የባሰ አለ» አትበለው። ታሪኩን በራስህ ታሪክ አትለውጥበት። እንባው ቢመጣ አትደንግጥ። የሰማኸውን ለሌላ አታውራ። «ነገ እመጣለሁ» ካልህ ነገ ሂድ፤ የማትሄድ ከሆነ አትበል። እንቅልፍና ምግብ ለ2 ሳምንት እምቢ ያለው፥ ሥራውንና ወዳጁን የሸሸ ሰው ባየህ ጊዜ ደግሞ አብረኸው ወደ ጤና ጣቢያ ሂድ።

ስምንተኛው ማክሰኞ

የመለያያው ቀን ለእናቲቱ ድንገተኛ አልሆነም፤ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ይታወቅ ነበር፤ በየሳምንቱም ነርሷ የቀረውን ትነግራቸው ነበር። በዚያ ቀን እናቲቱ በነጠላ የጠቀለሉትን የልጃቸውን የትምህርት ቤት ደብተር ይዘው መጥተው አሳዩዋት። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ከሣጥን አውጥተውት አያውቁም ነበር። የሆዳቸው ቃጠሎ ጨርሶ ጠፋ አልልም፤ ቀንሷል፤ እንቅልፍ ግን ተመልሶላቸዋል። ለእኅታቸውም ያንን የላክኋት የሚለውን ቃል ተናግረው አብረው አልቅሰዋል።

ሲነሡም፥ «ከእንግዲህ ማክሰኞ ምን ልሁን?» ብለው ጠየቁ። ነርሷ መልሱን አልሰጠቻቸውም፤ አብረው አሰቡ። በመጨረሻም እናቲቱ ማክሰኞ በ3 ሰዓት እኅታቸውን ጠርተው ቡና ሊያፈሉ ቈረጡ። ሕመሙ ቢብስባቸውም ወደ ጤና ጣቢያው እንደሚመለሱ፥ በሩም ክፍት እንደሆነ ተነገራቸው።

እኔም ከዚያ ወዲህ በጠረጴዛዬ ፊት የሚቀመጠውን ሕመምተኛ ሁሉ ሆዱን ከመዳሰሴ በፊት 2 ነገሮችን እጠይቀዋለሁ፤ «መቼ ጀመረዎት? ያን ጊዜስ በኑሮዎ ምን ሆኖ ነበር?» ተራ ጠባቂው እንደ ቀድሞው ብዙ ነው። ጥያቄው የሚወስደው ግን ከ2 ደቂቃ አይበልጥም፤ እኒያ እናት 5 ጊዜ መድኃኒት እየወሰዱ ከተመላለሱበት ጊዜ ጋር ሲነጻጸር እጅግ አጭር ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ሕመምተኛው እንዳይደብቅ የሚያዳምጠው ሰው ሊያገኝ ይገባል።